ለሰሜን ሸዋ ልጆች፤ በአውሮፓ የዶክትሬትና የድኅረ ዶክትሬት የምርምር ቦታ አፈላለግ

ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበር ወይም ከሸዋ ሮቢት ተነሥተው አውሮፓ ከገቡ ጥቂት ወራት የሆናቸው፣ በባዮሎጂ፣ በእንስሳት ወይም በዕፅዋት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ የያዙ ወንድሞችና እኅቶች ስንገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ስኮላርሺፕ የት ይገኛል?» ብለው ነው። እኔም ስመጣ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በላይ ጊዜ የወሰደብኝም ይኸው ጥያቄ ነው። በጀርመን፣ በኔዘርላንድስና በስዊድን የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ውል ፈርሞ ደመወዝ የሚከፈለው ተቀጣሪ ስለሆነ፣ ቦታውን መፈለግ የሚገባው ክፍት የሥራ ቦታ በሚወጣበት ሰሌዳ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ያቋቋመውን ዩራክሰስንና የኔዘርላንድሱን አካዴሚክ ትራንስፈር በየሳምንቱ ማየት ይጠቅማል፤ የስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ማስታወቂያቸውን በየራሳቸው ገጽ ያወጣሉ።

በስዊድን የዶክትሬት ሥልጠና የ4 ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው። በጀርመን በሕይወት ሳይንስ ዘርፍ ለዶክትሬት ተማሪ የሚሰጠው ውል ብዙ ጊዜ ኢ 13 ከተባለው የደመወዝ እርከን 65 በመቶ ሲሆን፣ ለፖስት ዶክ (ለድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ) ግን ሙሉው መከፈሉ የተለመደ ነው። ክፍያው 65 በመቶ ስለሆነ በላብራቶሪ የሚያልፈው ሰዓት በዚያው ልክ ያንሳል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ቤተሰብ ይዞ የመጣ ሰው የቤት ኪራዩን አስልቶ ይፈርም።

ብዙ አመልካች የሚቀረው በደብዳቤው ነው። እኔ መጀመሪያ አንድ ደብዳቤ አዘጋጅቼ የፕሮፌሰሩን ስም ብቻ እየቀያየርሁ ለብዙዎች ላክሁ፤ አንድም ሰው አልመለሰልኝም። ደብዳቤው ታታሪ መሆኔንና መማር መፈለጌን ከመናገር በቀር ስለ እነርሱ ሥራ ያነሣው ነገር አልነበረም። ኋላ የተማርሁት ነገር ቢኖር የሰሜን ሸዋ ሰው ለእነዚህ ላብራቶሪዎች የሚነግራቸው ብዙ ቁም ነገር እንዳለው ነው። በአውሮፓ የሚዘራው ገብስ ቅጠሉን ዱቄት ከሚያስመስለው የሻጋታ በሽታ ለረጅም ዘመን የተጠበቀው ኤምኤልኦ 11 በተባለ የዘረ መል ዓይነት ሲሆን፣ ይህም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ የገበሬ ገብሶች የተገኘ ነው። በጀርመን ጋተርስሌበን በሚገኘው የአይፒኬ የዘር ባንክ ከተቀመጡት ወደ 150,000 የሚጠጉ የዘር ናሙናዎች መካከልም የኢትዮጵያ ገብስ ይገኝበታል። እናቱ ለበሶና ለጠላ የትኛውን ገብስ እንደምትለይ እያየ ያደገ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ሳያነሣ «ትጉህ ነኝ» ብሎ ብቻ ሲጽፍ ሳይ ያሳዝነኛል።

የእንስሳት ሳይንስ ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። የመንዝ በግ አርቢዎች በማኅበር ተደራጅተው አውራ በግ የሚመርጡበት የዝርያ ማሻሻያ ሥራ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሲጀመር፣ ከአገራችን የምርምር ማዕከላት፣ ኢልሪና ኢካርዳ ከተባሉት ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ተቋማት ጋር የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ አብሮ ነበር። ሥነ ምኅዳር ያጠና ሰው ደግሞ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበትን፣ ሕዝቡ ቄሮ በተባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረውን የመንዝ ጓሳን ያውቃል። እንግዲህ ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ፣ ከተቀባዩ ጽሑፎች አንዱን አንብባችሁ የቀረባችሁን ጥያቄ፣ በመስክ ያያችሁትንና በእጃችሁ የሠራችሁበትን ዘዴ ይናገር፤ ዘረ መል ማባዛትም ይሁን አር በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የስታቲስቲክስ ትንተና፣ የምትችሉትን በስሙ ጥሩት። የአገር ቤት ዕውቀት በር ያስከፍታል፤ ቀጣሪው ግን በመጀመሪያው ወር ምን መሥራት እንደምትችሉ ማወቅ ይፈልጋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ፤ «ናሙና ከአገሬ አመጣላችኋለሁ» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ዘርም ሆነ የደም ናሙና ከአገር የሚወጣው በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ነው፤ ኢትዮጵያ ስለ ጀነቲክ ሀብት አጠቃቀም የሚደነግገው የናጎያ ስምምነት አባል ስለሆነችም የአውሮፓ ተቋማት ይህን ወረቀት ይጠይቃሉ።

ስለ ማስረጃ ሳትዘናጉ አስቀድማችሁ አስቡ። ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ ይዞ የመጣ ሰው፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆነ የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይጨርስ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ ስለሚቸገር፣ ማስታወቂያ ከመፈለጉ በፊት አገር ቤት ላለ ወንድሙ ወይም እኅቱ ውክልና ይላክ። ቀኖቹንም ተመልከቱ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በማመልከቻው ላይ ጁላይ 2017 ብሎ መጻፍ አለበት፤ ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ሲቪ ላይ ሲደባለቁ አንባቢው ያልነበረ የዓመታት ክፍተት ያያል። የአባት ስም በፓስፖርቱና በዲግሪው ላይ በተለያየ ፊደል ተጽፎ ከሆነ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ያዙ፤ ኦርኪድ የተባለውን የተመራማሪዎች መለያ ቁጥርም በዚያው ስም አውጡ።

ዶክትሬታችሁን ጨርሳችሁ የመጣችሁ ደግሞ ከሁሉ በላይ ጊዜ ይሻማችኋል። የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የድኅረ ዶክትሬት ድጋፍ ከዶክትሬት በኋላ ከ8 ዓመት ያልበለጠ የምርምር ልምድ ላለው ሰው የሚሰጥ ሲሆን፣ አመልካቹ ከማመልከቻው መዝጊያ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ወይም የሠራ መሆን የለበትም። ስለዚህ በቋንቋ ትምህርትና በጉዳይ ማስፈጸም አንድ ዓመት ካለፋችሁ በምትኖሩበት አገር ዕድሉ ሊዘጋባችሁ ይችላል፤ በጎረቤት አገር ግን ክፍት ሊሆን ይችላል። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ ስትጠባበቁ ያለፈው ጊዜ ግን በዚህ ስሌት አይቆጠርም፤ ይህን ብዙዎቻችን ሳናውቅ አልፎናል። በአገራቸው አደጋ ላይ ለወደቁ ተመራማሪዎች የተዘጋጀው የጀርመኑ ፊሊፕ ሽዋርትዝ ድጋፍም አለ፤ ለእርሱ የሚያመለክተው ተቀባዩ ተቋም ስለሆነ በቅድሚያ የሚፈለገው እሺ የሚል ፕሮፌሰር ነው። የገባችሁበትን ቀን የሚያሳየውን የፓስፖርት ማኅተም፣ የመጀመሪያውን የመኖሪያ ምዝገባና የጥገኝነት ማመልከቻውን ወረቀት ዛሬውኑ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ፤ ስንት ወር እንደኖራችሁ ስትጠየቁ የምታቀርቡት እርሱን ነው።