መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት፦ የፈረስ ቁስልና መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ

ከእንጅባራ እስከ ደብረ ማርቆስ ባሉ የእንስሳት ክሊኒኮች በገበያ ቀን የሚደጋገም ጥያቄ አለ፦ «ጀርባው ተልጧል፣ አንድ መርፌ ውጉልኝ።» ይወጋለታል፤ ባለቤቱ የሚመለሰው በሳምንቱ ነው። በመርፌ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ፕሮኬይን ፔኒሲሊን ግን በደም ውስጥ በቂ ሆኖ የሚቆየው ቢበዛ ለአንድ ቀን ያህል ነው። በቀሩት ስድስት ቀናት ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ሞተው መድኃኒቱን የቻሉት ቦታውን ይወርሱታል። በሚቀጥለው ሳምንት ያው መርፌ አይሠራም።

ስለዚህ መጀመሪያ አንቲባዮቲክ ያስፈልግ እንደሆነ ወስኑ። ፈረሱን ለአንድ ሰዓት ጥላ ላይ አሳርፋችሁ ሙቀቱን በፊንጢጣ ለኩ። ጤናማው ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው፤ ከጋሪ እንደተፈታ ከለካችሁ የድካሙን ሙቀት ትኩሳት ብላችሁ ትሳሳታላችሁ። ትኩሳት ከሌለ፣ ፈረሱ ከበላ፣ እብጠቱም ካልተስፋፋ የላይ ቁስል የሚፈልገው እጥበትና ከኮርቻ ማረፍ ነው። ኮርቻው እየተጫነበት የሚድን ጀርባ የለም። መገጣጠሚያ አጠገብ ያለ ቁስል፣ ጠልቆ የተወጋ ቁስል፣ ወይም እየሰፋ የሚሄድ እብጠት ግን የሐኪም ጉዳይ ነው፤ የተወጋ ቁስል ካለ ስለ ቴታነስም (መንጋጋ ቆልፍ) ይታሰብ።

ንድፍትን ለይታችሁ እወቁ። በእግር ወይም በአንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰልፈው እየፈረጡ መግል የሚያወጡ እባጮች ናቸው። መንስኤው ፈንገስ ነው፤ በየሳምንቱ ፔኒሲሊን ቢወጋ ፈንገሱን አይነካውም፤ በገላው ያሉትን ባክቴሪያዎች ግን መድኃኒቱን ያለማምዳቸዋል። ፈረሱን ከሌሎች ለዩት፣ ግላሱንና ማሰሪያውን ለሌላ አታውሱ።

እጥበቱ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አፍሉ፣ 9 ግራም ጨው (አንድ ተኩል ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ) ጨምሩ፣ ለብ ሲል በ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና በ18 ቁጥር መርፌ ቁስሉን በግፊት አጥቡ። መዳፍ ለሚያክል ቁስል ከግማሽ ሊትር አታሳንሱ። አዮዲን ከጨመራችሁ 10 በመቶውን ፖቪዶን አዮዲን 10 ሚሊ ሊትር በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡ፤ ቀጭን ሻይ ይመስላል። ሳይቀጠን የፈሰሰ አዮዲን የሚድነውን ሥጋ ራሱ ይገድላል። የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን መነስነስ ከሁሉ የከፋ ልማድ ነው፤ መድኃኒቱ አንዱ ጋ ይበዛል፣ ሌላው ጋ አይደርስም፣ ከመግሉ ጋር ደርቆም ቅርፊት ይሆናል።

አንቲባዮቲክ የግድ ከሆነ ናሙናው ከመርፌው ይቅደም። ቁስሉን በጨው ውሃ ብቻ ካጠባችሁ በኋላ ስዋቡን (የናሙና መውሰጃ የጥጥ ዘንግ) ከጥልቁ ሥጋ አሽከርክራችሁ ውሰዱ፤ ላይኛው መግል የቆሻሻውን ባክቴሪያ ነው የሚያሳየው። በማስተላለፊያ ቱቦው ከትታችሁ በበረዶ ሣጥን በ24 ሰዓት ውስጥ ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይድረስ። ናሙናው እንዳይቀዘቅዝ ሳይሆን በረዶ እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

መጠን በዓይን አይገመትም። የደረት ዙሪያውን በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ በራሱ አባዙት፣ በአካሉ ርዝመት (ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ ጫፍ) አባዙት፣ ለ11,880 አካፍሉት፤ ክብደቱ በኪሎ ይወጣል። ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 125 ከሆነ 206 ኪሎ ነው። ሐኪሙ በኪሎ 22,000 ዩኒት ፕሮኬይን ፔኒሲሊን ካዘዘ 4.5 ሚሊዮን ያህል ይሆናል፤ በሚሊ ሊትር 300,000 ዩኒት ካለው ጠርሙስ 15 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለሁለት ቦታ ከፍላችሁ ጡንቻ ውስጥ ውጉ፣ ከመግፋታችሁ በፊት የሲሪንጁን መግፊያ ወደ ኋላ ሳቡ። ደም ከታየ መርፌውን አውጡ፤ ፕሮኬይን ደም ሥር ከገባ ፈረሱ ይደነብራል፣ ሊወድቅም ይችላል። የታዘዘው በየ12 ሰዓቱ ከሆነ ባለቤቱ ማምጣት ይችል እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። የማይችል ከሆነ መጀመሩ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም፤ ፈረሱ ክሊኒኩ አጠገብ ይደር። በሦስተኛው ቀን ለውጥ ከሌለ መድኃኒት ለመቀየር አትቸኩሉ፤ እሾህ፣ የሞተ አጥንት ወይም የተደበቀ የመግል ከረጢት ፈልጉ።

ለከብት የመጣውን 20 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ በዘፈቀደ ወደ ፈረስ አታዙሩ። የፈረስ ትልቅ አንጀት ምግቡን የሚያብላላው በባክቴሪያ ነው፤ ያ ሲታወክ ሳልሞኔላ የተባለው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ቦታ ያገኛል። በሕክምና ላይ ያለ ፈረስ ተቅማጥ ከጀመረው መርፌውን አቁማችሁ ሐኪም ጥሩ፣ ከሌሎቹም ለዩት። በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የፈረስ ሆስፒታል በ2004 እ.ኤ.አ. በሩን ለወራት የዘጋው ብዙ መድኃኒት በተላመደ ሳልሞኔላ ምክንያት ነበር።

በክሊኒክ ውስጥ ዋናው አመላላሽ እጅ ነው። ከፈረስ ወደ ፈረስ ስትሄዱ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ በሳሙና ታጠቡ፤ ጓንት ቢኖርም። ንጹሑን ቁስል አስቀድሙ፣ መግል ያለውን በመጨረሻ እዩ። ባልዲ፣ ገመድና ቴርሞሜትር ለታመመው ለብቻው ይሁን። ስታፊሎኮከስ የተባለው መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ በሰው አፍንጫም ይኖራል፤ እባጭ የወጣበት ሠራተኛ ቁስል አይንካ። ጋጣውን ስታጸዱ መጀመሪያ ፋንድያውንና ጭዱን አውጡ፣ በሳሙና ፈትጉ፣ ከዚያ 5 በመቶ በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ አፍስሳችሁ 10 ደቂቃ አቆዩ። ፋንድያ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉ እዚያው ያልቃል።

በጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ብዙ ፈረስ አንድ ሜዳ ሲገናኝ ደግሞ ባልዲ መጋራቱ ይቅር፤ ጀርባው ያልደረቀ ፈረስም በዚያ ዓመት አይጫን። ለታከመው ፈረስ ካርድ ጻፉለት፦ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን። ዳንግላ ላይ የተወጋውን የማያውቅ ሐኪም ቡሬ ላይ ያንኑ ይደግመዋል።