ቦርዳችሁ ድምፅ አልሰጥ ካለ ቺፑን ከመቀየራችሁ በፊት

የኮዴክ ቺፑ (ዲጂታል ዳታን ወደ ድምፅ የሚቀይረው) ተቃጥሏል ብላችሁ ከኮዬ ፈጬ መርካቶ ድረስ ሌላ ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቺፑ አይደለም፤ የዲቫይስ ትሪው ነው፤ ማለትም ቦርዱ ላይ ምን ሃርድዌር እንዳለ ለሊኑክስ የሚነግረው ፋይል።

ሊኑክስ ላይ ድምፅ እንዲሰራ ሦስት ነገር እዚያ መጻፍ አለበት፦ የፕሮሰሰሩ አይቱኤስ (I2S፣ የድምፅ ዳታው የሚሄድበት)፣ በአይቱሲ (I2C፣ ቺፑ የሚታዘዝበት) መስመር ስር የሚገባው ኮዴክ፣ ከዚያ ሁለቱን የሚያገናኘው የሳውንድ ካርድ ኖድ (የፋይሉ አንድ ክፍል)። ሰው ሁለቱን ጽፎ ሦስተኛውን ይረሳል። ያኔ ድራይቨሩ ይጫናል፣ ካርዱ ግን የለም። ለተራ ቦርድ "ሲምፕል ኦዲዮ ካርድ" የሚባለው ዝግጁ ድራይቨር በቂ ነው፤ አዲስ የሲ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም። የአይቱኤሱ ስታተስም "ኦኬ" መሆኑን እዩ፤ ብዙ ጊዜ "ዲሴብልድ" ሆኖ ነው የሚመጣው።

ትልቁ ራስ ምታት ክሎክ ነው። ብዙ ኮዴኮች ማስተር ክሎክ፣ ማለትም ሥራቸውን የሚመራ ዋና የጊዜ ምት፣ ይፈልጋሉ። ለ48 ኪሎኸርዝ ድምፅ የተለመደው 256 እጥፉ፣ ማለትም 12.288 ሜጋኸርዝ ነው። እዚህ ላይ ግምት አይሰራም። ኮዴኩ የራሱ ክሪስታል (ምቱን የሚሰጥ ትንሽ ክፍል) ካለው ክሪስታሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡና ያንኑ በፊክስድ ክሎክ (የማይለወጥ ክሎክ) ኖድ አስገቡ። ከዚያ ቢት ክሎኩን (እያንዳንዱ የድምፅ ዳታ ቢት የሚላክበትን ምት) ማን እንደሚያመነጭ ወስኑ፤ ኮዴኩ ወይም ፕሮሰሰሩ፣ አንዱ ብቻ። ሁለቱም ካመነጩ መስመሩ ላይ ይጋጫሉ፤ ሁለቱም ከጠበቁ ጭራሽ ዝም ነው።

ካርዱ በ"ኤፕሌይ" ትዕዛዝ (aplay -l) ዝርዝር ላይ ታይቶ ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ የድምፅ መጠን ማስተካከያውን "አልሳሚክሰር" (alsamixer) ክፈቱ። ብዙ ኮዴኮች ሲነሱ ድምፃቸው ተዘግቶ ነው።