የጅማን ነባር የጭቃ ቤት ቅርሱን ሳይነኩ ሙቀቱንና መብራቱን መቆጠብ

በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነባር ቤት ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚመረመረው ግድግዳው ነው። እርጥብ ግድግዳ ሙቀት ያሸሻል፤ ማገሩንም ያበሰብሳል። ስለዚህ ሌላ ወጪ ከማውጣታችሁ በፊት አሸንዳውን ጥረጉ፣ የተበሳውን ቆርቆሮ ለውጡ፣ ግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ዝቅ አድርጉ፣ ውኃ ከቤቱ የሚርቅበት ቦይ ቅደዱ።

ቤቱን አብዝቶ የሚገድለው የሲሚንቶ ልስን ነው። ጭቃ እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው አብሮት አይንቀሳቀስምና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ዝናብ መውጫ ያጣና ቋሚው ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል። በምትኩ አፈርና የጤፍ ጭድ አቡክታችሁ ቢያንስ ሳምንት አሰንብቱ፣ ስንጥቁንም በዚሁ ሙሉ። ሲደርቅ ፊቱን ጫር ጫር አድርጉ፣ አርጥቡት፤ ከዚያ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ ለስኑ። አንዱ ድርብ ከ1 ሴንቲሜትር አይብለጥ። ፀሐይ በቶሎ ካደረቀው ይረግፋልና ለጥቂት ቀናት በእርጥብ ጆንያ ከልሉት። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፤ ያለ መነጽርና ጓንት አትንኩት። ሥራው የሚመቸው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ የቡና ለቀማ ሰሞን ስለሆነ ግን ሠራተኛ አስቀድማችሁ ያዙ።

የነፋስ መግቢያውን በጧፍ ፈልጉ፤ ነበልባሉ የሚያጋድልበት ቦታ ክፍት ነው። የእንጨቱን መስኮት በአሉሚኒየም አትለውጡ፤ ማጠፊያውን አጥብቁ፣ የጎማ ጥብጣብ ለጥፉበት። ከሰል የምታነዱበትን ክፍል ግን ፈጽሞ አትድፈኑ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል።

ከኮርኒሱ በላይ 10 ሴንቲሜትር ፋይበር ግላስ (ከመስታወት ክር የተሠራ ሙቀት ከልካይ ንጣፍ) ሲነጠፍ የቆርቆሮው የቀን ግለትና የሌሊት ብርድ ይቀንሳል። ከቆርቆሮው በታች 5 ሴንቲሜትር የአየር መተላለፊያ ተዉ። አቡጄዲ ኮርኒስ ክብደት አይችልም፤ ንጣፉን የሚሸከም ቀጭን ጣውላ በወራጁ ላይ ምቱ። የድሮውን የመብራት ሽቦ ቀድማችሁ አስመርምሩ፤ በንጣፍ ከተሸፈነ ይግላል፣ እሳትም ያስነሳል። አዲስ መስመር ሲዘረጋ ግድግዳው አይፈልፈል፤ በፕላስቲክ ቱቦ ላዩ ላይ ይሂድ።

በቀን ለ5 ሰዓት ያህል የሚበሩ 10 ባለ 60 ዋት አምፖሎች 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ፤ በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ሲተኩ 0.45 ብቻ።

እንደ ጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ባለ ቅርስ ላይ ግን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የጥገና ፈቃድ ሳይገኝ ምንም አይጀመርም።