በድሪምዊቨር የተሠራ አሮጌ ገጽ አምዱ ሲጨፈለቅ

ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ እንግዳ ማረፊያ ድረ ገጹን ሊኑክስ በተባለው ስርዓተ ክወና ወደሚሠራ ሰርቨር ሲያዛውር መልኩ ተበላሸ። የግራው ሜኑ ተጨፍልቆ «የክፍል ዋጋ» እንኳ ሁለት መስመር ሆነ። የፋሲል ግንብ ፎቶ ያለበት አምድ ቦታውን ሁሉ ያዘው።

ገጹ የተሠራው ማክሮሚዲያ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ድሪምዊቨር 4 በተባለ የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነው። አምዱን በማውስ ይስሉታል፤ ፕሮግራሙ ከሥር የቴብል (የሠንጠረዥ) ኮድ ይጽፋል። አንዱ አምድ እንዲለጠጥ ከተፈለገ ስፋቱን 100% ያደርገዋል። ሌሎቹ እንዳይጨፈለቁ ደግሞ ስፔሰር የሚባል የማይታይ ምስል ያስገባል፣ ልክ እንደ ድንኳን ካስማ። የገጽ መልክ የሚወሰንበት ቋንቋ ሲኤስኤስ በየብራውዘሩ የተለያየ ውጤት በሚሰጥበት ዘመን ይህ ትልቅ ብልሃት ነበር። አሁንም አደንቀዋለሁ።

ችግሩን ገጹ የሚጠራቸውን ፋይሎች የሚዘረዝረው የብራውዘሩ ኔትወርክ ታብ አሳየኝ፤ ስፔሰሩ 404 (ፋይሉ አልተገኘም) ይላል። ኮዱ ስሙን በትንሽ ፊደል ይጠራል፣ ፋይሉ ግን በትልቅ ፊደል ይጀምራል። ዊንዶውስ ሁለቱን አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል።

የፋይሉን ስም በትንሽ ፊደል ቀየርኩት። ሜኑው ወዲያው ቦታውን ያዘ። ሁሉንም በሲኤስኤስ ግሪድ (ያለ ቴብል አምድ መደርደሪያ ዘዴ) እንደ አዲስ መሥራት ይቻል ነበር። ግን ባለቤቷ ዋጋ የምትቀይረው በዚያው ድሪምዊቨር ስለሆነ ቴብሉን አልነካሁትም።