ወረርሽኝ ሲመጣ የአእምሮ ታካሚ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥበት

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ገባ ሲባል በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ነበርኩ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታክሲ በግማሽ ሰው ይጫን ተባለ፣ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። ሚያዝያ ላይ ቀጠሮ ከነበራቸው ብዙዎቹ ቀሩ። ፈርተው ነው፣ ይመጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልመጡም። ሞዴኬት የሚባለውን የወር መርፌ የሚወጋ አንድ ልጅ ሁለት ወር አለፈው። ሰኔ ላይ እናቱ ሲያመጡት እጁ በነጠላ ታስሮ ነበር። «ሲስተር፣ የምደውልበት እንኳ የለኝ፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

እኔም የእሳቸው ስልክ አልነበረኝም።

ስለዚህ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ ወረርሽኝ እስኪመጣ አትጠብቁ። ዛሬውኑ መዝገቡን አውጡና የታካሚውንም የአስታማሚውንም ቁጥር ጻፉ። ከዚያ መድኃኒት ሲቋረጥ ቶሎ የሚጎዱትን ለዩ። መርፌ የሚወጉ፣ ለባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ለሚልበት ሕመም) ሊቲየም የሚወስዱ፣ ፌኖባርቢታል የሚወስዱ የሚጥል በሽታ ታካሚዎች። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም የሚጥለው በሽታ ብሶ ይመጣል። ስማቸው አጠገብ በቀይ እስክርቢቶ ምልክት አድርጉ። መጀመሪያ የሚደወለው ለእነሱ ነው።

በሽታው ለተረጋጋለት ሰው የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት ጥሩ ነው። ፋርማሲውን ግን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ አለበለዚያ መደርደሪያው በሳምንት ባዶ ይሆናል። እዚህ ላይ አደራ! የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊንና ሊቲየም በብዛት ከተዋጡ ይገድላሉ። ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው ቤት የሦስት ወር ክኒን አይቀመጥም። የሳምንት ብቻ ስጡ፣ እሱንም ቤተሰብ ይቆልፍበት። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብዙዎቹ የጠየቃቸው ሰው በማግኘታቸው ሲተነፍሱ አይቻለሁ።

መርፌ የሚወጋው ሰው ቤቱ አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ ይወጋ። መድኃኒቱን፣ መጠኑንና መጨረሻ የተወጋበትን ቀን ጽፋችሁ ስጡት። ለዚያች ጤና ጣቢያ ነርስም ደውሉላት፤ የአእምሮ ታካሚ የምትፈራ ከሆነ ወረቀቱ ብቻውን አያደፋፍራትም።

ስልክ ላይ ከእንቅልፍ ጀምሩ። ሕመሙ ሊመለስ ሲል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው እንቅልፍ ነው። ከዚያ ስለ ምግቡ፣ ብቻውን ያወራ እንደሆነ ጠይቁ። አስታማሚውን ብቻ አነጋግራችሁ አትዝጉ፤ ታካሚው ራሱ ይናገር። ካርድ የሌላቸውን «ሚስኮል አድርጉልኝ» በሏቸው፤ እናንተ መልሳችሁ ደውሉ።

የካርዱ ብር ከየት ይምጣ? ይህ የአለቆች ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ጤና ድርጅት 130 አገሮችን ጠይቆ ነበር። በ93 በመቶዎቹ አገሮች ወሳኝ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተስተጓጉሎ ወይም ቆሞ ነበር። ከአገሮቹ 89 በመቶው የአእምሮ ጤናን በኮሮና ዕቅዳቸው አስገብተው ነበር፤ ከእነዚህ ለዚህ ሥራ ሙሉ ተጨማሪ በጀት የነበራቸው ግን 17 በመቶ ብቻ ናቸው። ዕቅድ ሲወጣ «ለስልክ ስንት ብር? ለመድኃኒት ስንት?» ብላችሁ ተከራከሩ። ክፍላችሁንም ለሌላ ሥራ አታስረክቡ። የእኛ ክፍል ለሙቀት መለኪያ ሲወሰድ ታካሚዎቹን ኮሪደር ላይ ነበር የማያቸው። ኮሪደር ላይ ማን ምስጢሩን ያወራል?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለቅሶ። ያኔ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። እናቷን ቀብራ ቤት ዘግታ የተቀመጠች ታካሚ ነበረችኝ። ድንኳን የለ፣ እድርተኛ የለ፣ አብሯት የሚያለቅስ የለ። ከወራት በኋላ ስትመጣ እንቅልፍ ከዓይኗ ጠፍቶ ነበር። ሐዘን የደረሰበት ታካሚ ካላችሁ የእድሩን ሰዎች አነጋግሩ፤ ቢያንስ እስከ አርባው ድረስ በየተራ ይደውሉ።

ያ ልጅ አሁን መርፌውን በየወሩ ይወጋል። እናቱም ስልክ ገዝተዋል። መዝገቤ ላይ ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ቁጥር አለ። በየሦስት ወሩ ደውዬ አረጋግጣለሁ፤ ሰው ቁጥር ይቀይራላ።