የኢሜይላችሁ ማስጠንቀቂያ አዲስ አበባ እንዳይቀር

አሜሪካ የገባ አበሻ ሻንጣውን ሳይፈታ ሲም ካርድ ያወጣል። አዲሱን ቁጥር ለዘመድ አዝማድ ያድላል። ኢሜይሉ ላይ ግን አሁንም ያለው በ09 የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር ነው። ያ ሲም ወይ ወንድም ጋ ቀርቷል፣ ወይ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ብዙ ጊዜ ሳይሠራ የቆየ ቁጥር ደግሞ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።

እዚህ አገር ደግሞ ሁሉ ነገር በኢሜይል ነው። የግሪን ካርድ ክፍያ የከፈላችሁበት የዩኤስሲአይኤስ (የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ) አካውንት፣ ባንኩ፣ የሥራ ማመልከቻው፣ የቤት ኪራዩ፣ ሁሉም እዚያ ይመጣል። ኢሜይላችሁን የያዘ ሰው ሌላውን "ፓስወርድ ረሳሁ" እያለ አንድ በአንድ ይከፍተዋል።

ጂሜይል የምትጠቀሙ ከሆነ ማስጠንቀቂያውን ራሳችሁ ማብራት አይጠበቅባችሁም። ከማያውቀው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ሲገባ ጉግል ራሱ ያሳውቃል። ዋናው ነገር መልእክቱ ማን ጋ ይደርሳል የሚለው ነው። እዚያው ኢሜይላችሁ ውስጥ ብቻ ከገባ፣ ሌባው ቀድሟችሁ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ሌላ የሚደርስበት ቦታ ያስፈልጋል።

የጂሜይል አፕ ላይ ከላይ በስተቀኝ ፎቷችሁን ንኩ። ከዚያ "ማኔጅ ዩር ጉግል አካውንት" የሚለውን፣ ቀጥሎ "ሴኪዩሪቲ" የሚለውን ክፈቱ። "ሪከቨሪ ፎን" የሚለው ላይ የአሜሪካ ቁጥራችሁን አስገቡ። "ሪከቨሪ ኢሜይል" ላይ ደግሞ የራሳችሁን ሌላ ኢሜይል፣ ወይም እንደ ራሳችሁ የምታምኑትን ሰው ኢሜይል። ስልካችሁ ላይ የጂሜይል ኖቲፊኬሽን ተዘግቶ እንደሆነም እዩ።

ቁጥሩን ከቀየራችሁ በኋላም ጉግል እስከ 7 ቀን ድረስ ለአሮጌው ቁጥር ኮድ እንዲላክ ሊፈቅድ ይችላል። ስለዚህ የድሮው ሲም ማን እጅ እንዳለ እወቁ። ሆትሜይል ወይም አውትሉክ ላይ ነገሩ ይከብዳል። የድሮው ቁጥርም ሪከቨሪ ኢሜይሉም ከእጃችሁ ወጥቶ ሁሉንም በአዲስ ለመተካት ከጠየቃችሁ፣ ማይክሮሶፍት 30 ቀን ያስጠብቃችኋል። ገና አገር ቤት ያላችሁ ብትኖሩ ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱት። እዚህ ከደረሳችሁ ሲሙ ጋ ላለው ወንድማችሁ ደውሉና፣ እናንተ ያስላካችሁትን ኮድ ያንብብላችሁ።

አንድ ለየት ያለ የእኛ ጉዳይ አለ። ብዙዎቻችን ዲቪ ስንሞላ ኢሜይሉን የከፈተልን የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ነው። ፓስወርዱንም እሱ ነው የሰጠን። ልጁ ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ስንቱ ይቀመጣል? እዚያው ሴኪዩሪቲ ውስጥ "ዩር ዲቫይስስ" የሚለውን ክፈቱና አካውንቱ የት የት እንደተከፈተ እዩ። የእናንተ ያልሆነውን አስወጡ፣ ከዚያ ፓስወርዱን ቀይሩ። ጂሜይልን በኮምፒውተር ከፍታችሁ ሴቲንግ ውስጥ "ፎርዋርዲንግ" የሚለውን ማየትም አትርሱ። አንዳንድ ሌባ የሚመጣላችሁ ሁሉ ለራሱም እንዲደርሰው አድርጎ ይወጣል። ፓስወርድ መቀየር ብቻውን ያንን አይቆርጠውም።

ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ግን ወዲያው አትደንግጡ። የሚጽፈው ቦታ ግምት ነው። እናንተ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆናችሁ ሌላ ከተማ ሊል ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክና ቴሌግራም በተዘጉ ጊዜ የጫናችሁት ቪፒኤን (በሌላ አገር በኩል አዙሮ ኢንተርኔት የሚያስገባው አፕ) ስልካችሁ ላይ ካለ ደግሞ ኔዘርላንድስ ናችሁ ሊላችሁ ይችላል። ከቦታው ይልቅ ሰዓቱንና የስልኩን ዓይነት እዩ። በዚያ ሰዓት የገባችሁት እናንተ ካልሆናችሁ፣ ወይም እናንተ አይፎን ይዛችሁ ማስጠንቀቂያው ዊንዶውስ ካለ፣ ያኔ ጠርጥሩ።

ማስጠንቀቂያ መስሎ የሚመጣ ማጭበርበሪያም ሞልቷል። "አካውንትህ ሊዘጋ ነው፣ እዚህ ንካ" ይላል። አትንኩት። እውነት ከሆነ ራሳችሁ አካውንታችሁን ከፍታችሁ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ስትገቡ እዚያው ታገኙታላችሁ። በቴሌግራም የጓደኛችሁ ፎቶ ያለበት ሰው "ኮድ በስህተት አንተ ጋ ተልኳል፣ ላክልኝ" ቢላችሁም አትላኩ። መጀመሪያ ደውሉና የራሱን ድምፅ ስሙ። ብዙ ጊዜ የእሱም አካውንት ተጠልፎ ነው።

የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ካበራችሁ ጉግል 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣችኋል። እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው። ላይብረሪ ሄዳችሁ ፕሪንት አድርጉትና ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡት። ስክሪንሾት አንስቶ ስልክ ውስጥ ማስቀመጥ ስልኩ የጠፋ ቀን ምንም አይጠቅምም።