ቶርኖ ሳይኖራችሁ እቤት የምትሠሯት ትንሽ የአየር ሞተር

ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) የለኝም ብሎ ሞተር የመሥራት ሐሳቡን የተወ ወጣት ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የወፍጮ ቤት ሞተር በመጠገን የኖርኩ ሰው ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ያለኝ ሞርሳ፣ ጥቂት ሞረድ፣ ሲጌቶ፣ በእጅ የሚዞር ትራፓኖ (መብሻ)፣ ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ)፣ ካሊፐርና አንድ ወፍራም የመስታወት ቁራጭ ነው። የቶርኖ ሥራውን በወረቀት ነድፌ አጠራቅምና በአንድ ጊዜ ቶርኖ ቤት አስጨርሳለሁ። ሞተሯ ትዞር አትዞር የሚለው ግን እዚያ አይወሰንም፤ የሚወሰነው እቤት፣ በሞረድና በመስታወቱ ላይ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ሲሊንደሩ ራሱ የሚወዛወዝ ባለ አንድ ፒስተን ሞተር ነው። ቫልቭ የለውም፣ ካርቡሬተር የለውም፣ ካንዴላ የለውም። የፒስተኑ ዘንግ በቀጥታ ክራንኩ (የፒስተኑን ግፊት ወደ ዙር የሚለውጠው ክንድ) ላይ ስለሚታሰር፣ ክራንኩ ሲዞር ሲሊንደሩን ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል። በሲሊንደሩ ጎን ያለች አንዲት ቀዳዳ ወደ አንዱ ጎን ስትሄድ ከአየር መግቢያው ጋር ትገጥማለች፣ ወደ ሌላው ስትሄድ ደግሞ ከመውጫው ጋር። የቫልቩን ሥራ የሚሠራው መወዛወዙ ነው። አሠራሩን ለመጫወቻ ብቻ የታሰበ አድርጋችሁ አትናቁት፤ እ.ኤ.አ. በ1858 ውኃ ላይ የወረደችው ግሬት ኢስተርን የተባለችው ግዙፍ የእንግሊዝ መርከብ የጎን መቅዘፊያዎቿን ያዞሩላት እንዲህ ያሉ ተወዛዋዥ ሲሊንደሮች ነበሩ።

የምናሠራት በታመቀ አየር ነው። ከጣሳ ወይም ከአሮጌ የጋዝ ሲሊንደር የእንፋሎት ቦይለር ለመሥራት በፍጹም እንዳትሞክሩ። ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ብየዳውን ቀድዶ ይወጣል። ይህን የምለው ልጆች አጠገባችሁ ቆመው እንደሚያዩ ስለማውቅ ነው።

ዕቃውን እንሰብስብ። ለሲሊንደሩ 20 በ20 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 40 ሚሊ የሚረዝም የነሐስ ቁራጭ ያስፈልጋል። አራት ማዕዘን ነሐስ ካጣችሁ ከብረታ ብረት ገዢዎች ዘንድ ትልቅ የውኃ መዝጊያ ፈልጉ፤ ወፍራሙ አካሉ ተሞርዶ ይበቃል። ሲሊንደሩንና ክራንኩን ለሚሸከመው ቋሚ 8 ሚሊ የሚወፍር፣ 50 ሚሊ ስፋትና 120 ሚሊ ቁመት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ውሰዱ። ለክራንኩ ዘንግ ከመካኒክ ቤት የወደቀ የመኪና ሞተር ቫልቭ ጠይቁ። ግንዱ በፋብሪካ የተሞረደ፣ ቀጥ ያለና ጠንካራ ስለሆነ ከገበያ ከምትገዙት ዘንግ ይሻላል። 8 ሚሊ የሆነውን ምረጡ፤ ከዚያ ከቀጠነ ቡሹን (ዘንጉ ውስጡ የሚዞርበትን የነሐስ ቀለበት) በእሱ ልክ አስቀዱት። ቮላኖውን (ዙሩ እንዳይቋረጥ የሚያደርገውን ከባድ ተሽከርካሪ) ከተጣለ የወፍጮ ፑሊ አስቆርጡ። 80 ሚሊ ስፋትና 15 ሚሊ ውፍረት ያለው ክብ ብረት 600 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ለዚች ሞተር በቂ ነው።

ቶርኖ ቤት ስትሄዱ የሚከተለውን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ሲሊንደሩ መሐል ለመሐል 12 ሚሊ ሆኖ ዳር እስከ ዳር ይበሳ። ፒስተኑ 14 ሚሊ ይርዘም፤ ዘይት የሚይዙ ግማሽ ሚሊ ጥልቀት ያላቸው ሁለት ቀለበታዊ መስመሮች ይውጡለት። የክራንኩ ዲስክ 30 ሚሊ ስፋትና 6 ሚሊ ውፍረት ይኑረው፤ የክራንክ ፒኑ ቀዳዳ ከመሐሉ 10 ሚሊ ይራቅ። የነሐስ ቡሹ 20 ሚሊ ይርዘም። ቮላኖውን በተመለከተ ባለሙያውን አደራ የምትሉት አንድ ነገር አለ፦ የመሐሉን ቀዳዳና የዳሩን ዙሪያ ሳይፈታ በአንድ እስራት ይጨርሰው። ፈትቶ ካዞረው ቮላኖው እየተንገዳገደ ይዞራል።

ፒስተኑን ከቶርኖ ቤት ሳትወጡ ፈትኑት። ሁለቱንም በጨርቅ ጠርጉ፣ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጨምሩ፣ የሲሊንደሩን አንድ አፍ በአውራ ጣታችሁ ድፈኑና ፒስተኑን ከላይ ልቀቁት። በቀስታ መውረድ አለበት። ጣታችሁን ስታነሡ ቶሎ ይወርዳል፤ ደፍናችሁ ስትስቡት ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትታችኋል፣ ሲወጣም ድምፅ ያሰማል። ዝም ብሎ ከወደቀ ሌላ ፒስተን ይሠራላችሁ። ትንሽ ከጠበቀ እቤት በጥርስ ሳሙና እያሻችሁ ማላላት ትችላላችሁ። መካኒኮች ቫልቭ የሚያፋጩበትን ሻካራ ቅባት ግን ወደ ነሐስ አታስጠጉ፤ ደቃቁ ድንጋይ ነሐሱ ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና ሞተሯ በሠራች ቁጥር ፒስተኑን ይበላዋል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ መጣን። ሲሊንደሩ ከቋሚው ጋር የሚነካካበት ፊትና የቋሚው ፊት ፍጹም ጠፍጣፋ መሆን አለባቸው። አየሩን የሚይዝ ሌላ ማሸጊያ የለም። ሞረዱ ከጨረሰ በኋላ መስታወቱ ላይ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አንጥፉ፣ ዘይት ጠብ አድርጉ፣ የሲሊንደሩን ፊት እያሽከረከራችሁ ፈትጉ፤ ከዚያ በ800 ቁጥር ድገሙት። ስትፈትጉ ዳርና ዳሩን አትጫኑ፣ ጣታችሁ መሐሉ ላይ ይሁን፤ አለዚያ ፊቱ ይጎብጣል።

ጠፍጣፋነቱን በዓይን መፍረድ አይቻልም። እኔ የምጠቀመው የኩራዝ ጥላሸት ነው። ጥላሸቱን ከሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጋር ለውሱት፣ በጣታችሁ መስታወቱ ላይ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። በጣም ስስ ማለቴ የመስታወቱ ማዶ በጥላሸቱ ውስጥ እንዲታይ ነው። ሲሊንደሩን በላዩ አስቀምጡ፣ የጥፍር ያህል ብቻ ወዲያ ወዲህ አድርጉት፣ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡት። ከፍ ያለው ቦታ ጠቁሮ ይወጣል፣ ዝቅ ያለው ነሐሱን እንዳሳየ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ማዕዘን ብቻ ይጠቁራል። የጠቆረውን በተሳለ የሞረድ ጫፍ በስሱ ፋቁ፣ ጠርጉ፣ እንደገና ቀቡ። ነጠብጣቡ ቀስ በቀስ ይበዛል፣ ይሰራጫል። የአየር ቀዳዳዋ በሚመጣበት ዙሪያ ሁሉ እኩል እስኪጠቁር አታቁሙ። የቋሚውንም ፊት እንደዚሁ። ይህ ሥራ ቀኑን ሊወስድ ይችላል፤ ከሞተሯ ሥራ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

በሲሊንደሩ ፊት ላይ ምሰሶው (ሲሊንደሩ የሚወዛወዝበት ብሎን) የሚገባበትን መሐል ዙሪያውን 1 ሚሊ ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡት። መሐሉ ከጎበጠ ሲሊንደሩ በእሱ ላይ ይንገዳገዳልና፣ ንክኪው ላይና ታች ብቻ ቢሆን ይመረጣል።

ምሰሶው 4 ሚሊ ብሎን ነው፤ በሲሊንደሩ ርዝመት እኩሌታ፣ ከሁለቱም ጫፍ 20 ሚሊ ላይ ይገባል። ግድግዳው 4 ሚሊ ብቻ ስለሆነ ብሎኑ ወደ ውስጥ እንዳያልፍ ልኩን ቁረጡት፣ ካለፈ ፒስተኑን ይገትረዋል። ቀዳዳው ለፊቱ ቀጥ ያለ መሆኑን 4 ሚሊ ዘንግ አስገብታችሁ ከሁለት አቅጣጫ በስኳድራ እዩ። ነሐስ ስትበሱ መብሻው እየነከሰ ይጎትታል፤ የሚቆርጠውን ጠርዝ በዘይት ድንጋይ ጥቂት ብታደነዝዙት በሰላም ይበሳል።

ቋሚው ላይ የምሰሶውን ቀዳዳ ከታች 40 ሚሊ ላይ አድርጉ፤ የክራንኩ ቡሽ ከእሱ 60 ሚሊ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ሁለቱን ቀዳዳዎች ሳትፈቱ በአንድ እስራት ብሷቸው። የፒስተኑ ዘንግ 4 ሚሊ ብረት ሆኖ ሁለቱም ጫፍ የብሎን ጥርስ ይውጣለት፤ በኋላ ርዝመቱን በማዞር ታስተካክላላችሁ። አየሩ ከሚገፋው የፒስተኑ ፊት እስከ ክራንክ ፒኑ ቀዳዳ መሐል 67 ሚሊ ይሁን። የዘንጉ ራስ 5 ሚሊ የሚወፍር የነሐስ ቁራጭ ነው። የሲሊንደሩ መሐል ከቋሚው ፊት 10 ሚሊ ስለሚርቅ፣ የዘንጉም ራስ መሐል እዚያው 10 ሚሊ ላይ እንዲውል ዲስኩንና ሮንዴላውን አመጣጥኑ።

የአየር ቀዳዳዎቹ ብዙ ሰው የሚፈራቸው ናቸው፣ ግን መላ አላቸው። የሲሊንደሩን ቀዳዳ ከምሰሶው 18 ሚሊ ወደ ታች፣ በ2.5 ሚሊ መብሻ ብሱት፤ ፊተኛውን ግድግዳ ብቻ ሳይሆን የውጪውንም ግድግዳ አብራችሁ አሳልፉ። ከዚያ ሞተሯን ያለ ታች ክዳኗ ገጣጥሙ። ክራንኩን ሲሊንደሩ ወደ ግራ ጨርሶ እስኪያዘነብል አዙሩት፤ እዚያ ቦታ ላይ የክራንኩ ክንድና የፒስተኑ ዘንግ ስኳድራ ይሠራሉ፣ ፒስተኑም ከመብሻው መንገድ ርቋል። መብሻውን በውጪው ቀዳዳ አስገቡና ቋሚው ላይ ምልክት አድርጉ። ወደ ቀኝ አዘንብላችሁ ድገሙት። ልኬታችሁ በጥቂቱ ቢዛነፍ እንኳ ቀዳዳዎቹ ሞተሯ በምትፈልጋቸው ቦታ ላይ ይወጣሉ። የሁለቱ ምልክቶች ርቀት 6 ሚሊ ገደማ ይመጣል። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ክራንኩ 10 ሚሊ፣ የመሐሎቹ ርቀት 60፣ አንድ ስድስተኛ ነው፤ የ18 አንድ ስድስተኛ 3፣ በሁለቱም ጎን 6። ቀዳዳዎቹ 2.5 ሚሊ ስለሆኑ ሲሊንደሩ ቀጥ ሲል መግቢያውም መውጫውም ግማሽ ግማሽ ሚሊ አልፎ ይዘጋል። በ3 ሚሊ መብሻ ብትበሱ ይህ ትርፍ ይጠፋል።

ምልክቶቹን አሳልፋችሁ ብሱ። በቋሚው ጀርባ 4 ሚሊ አስፍታችሁ የፍሪጅ መዳብ ቱቦ በሚቀልጥ የብየዳ ቆርቆሮ በይዱባቸው። የውጪው ግድግዳ ቀዳዳ ለ3 ሚሊ ብሎን ጥርስ ትክክለኛ ልክ ስለሆነ ጥርስ አውጥታችሁ በአጭር ብሎን ድፈኑት። መብሳት ጠርዝ ያስነሣልና ሁለቱንም ፊት እንደገና በመስታወቱ ላይ አሳልፏቸው። የታችኛውን ክዳን ከላሜራ ቆርጣችሁ በይዱት፤ ብየዳው ወደ ውስጥ ፈስሶ ቀዳዳዋን እንዳይዘጋ ተጠንቀቁ።

በምሰሶው ጀርባ ሞላ፣ ሮንዴላና ዳዶ ይገባሉ። በእስክሪብቶ ሞላ ጀምሩ፤ በፊቶቹ መካከል አየር ካፏጨ ጠንከር ያለ ፈልጉ። ዳዶውን አጥብቆ መፍትሔ መፈለግ ግን ሞተሯን ያንቃታል። ሞላው ሌላም ጥቅም አለው፦ ግፊት ሲበዛ ሲሊንደሩ ከቋሚው ጥቂት ይላቀቅና አየሩ ይወጣል።

አየሩን የማገኘው ከሰፈራችን ጎሚስታ ነው። ኮምፕረሰር መግዛት አያስፈልግም፤ ቸርኬው ላይ የተገጠመ የመኪና ጎማ ራሱ ጥሩ የአየር ማጠራቀሚያ ነው። «ጋሼ፣ ስንት ልሙላልዎ?» ይለኛል ልጁ፤ «ሠላሳ ይበቃኛል» እለዋለሁ። ሠላሳ ፒ ኤስ አይ ሁለት ባር ገደማ ነው፤ በዚህ ግፊት ፒስተኗ 2.3 ኪሎ ያህል ትገፋለች። ጎማውን ይዛችሁ እቤት ግቡ፣ ቫልቩን የሚጫን አፍ ያለው ቱቦ ግጠሙ፣ መሐሉ ላይ በትንሽ በትንሹ የሚከፈት መዝጊያ አድርጉ። ጥቂት ደቂቃ ያሠራችኋል፤ መብራት ቢጠፋም ግድ የለም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሯን አያደክማትም ወይ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ጎማው ላይ የምትለኩት ግፊት ከውጪው አየር ያለው ብልጫ ነው፤ ፒስተኗም የሚሰማት እሱ ብቻ ስለሆነ ልዩነት የለውም። አየር አሙቆ የሚሠራ የስተርሊንግ ሞተር ብትሠሩ ግን ከፍታው ኃይሉን ይቀንሰዋል።

አየር ከመስጠታችሁ በፊት ዘይት አጠጥታችሁ በእጅ ደጋግማችሁ አዙሯት። የስፌት መኪና ዘይት ተጠቀሙ። ቤት ውስጥ ያለውን የኑግ ዘይት እንዳትጨምሩ፤ አየር ሲነካው ቀስ በቀስ ይወፍርና እንደ ሙጫ ይይዛታል። መዝጊያውን በጥቂቱ ክፈቱና ቮላኖውን በጣት ግፉ። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ የምትቆም ከሆነ የዘንጉ ራስ ጠምዝዞ እየያዘ ነው፤ ዲስኩንና ሮንዴላውን እዩ። በየትም ቦታ ደክማ የምትቆም ከሆነ አየር እያመለጠ ነው። የሳሙና አረፋ ቀብታችሁ አረፋው የሚያብጥበትን ቦታ ፈልጉ፤ ከፊቶቹ ከሆነ ወደ ጥላሸቱ ተመለሱ። በተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረች ቱቦውን ወደ ሌላው ቀዳዳ አዛውሩት፣ መግቢያው መውጫ ይሆናል።

በክረምት የቋሚው ፊት በአንድ ሌሊት ሊዝግ ይችላል። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ዘይት አጠጡና በዘይት በታሸ ጨርቅ ጠቅልሏት። ኃይሏን ለማየት ከፈለጋችሁ በደቂቃ 600 ዙር ላይ፣ በሁለት ባር፣ በወረቀት 4.5 ዋት ይወጣታል፤ መፋጨቱና የሚያመልጠው አየር ብዙውን ይወስዱታል። የብስክሌት ዲናሞ ስለዚህ ይከብዳታል። ከተበላሸ ቴፕ የወጣች ትንሽ የዲሲ ሞተር በላስቲክ ብታያይዙላት ግን አንዲት ኤልኢዲ አምፖል ታበራለች።